የገና መዝሙር በፒያኖና በአንድ የዜማ መሣሪያ፦ ከድሬዳዋና ከሐረር ተጫዋቾች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ገና ሲቃረብ በድሬዳዋ ከከዚራ እስከ ሳቢያን፣ በሐረርም ከጁገል ውስጥና ውጭ ባሉ ሰፈሮች፣ ፒያኖ ወይም ኪቦርድ የሚጫወት ሰው ቫዮሊን፣ ፍሉት፣ ክላሪኔት ወይም ማሲንቆ ከያዘ ጓደኛው ጋር ተቀምጦ መዝሙር ማዘጋጀት ይጀምራል። ለብዙ ዓመታት በፒያኖ ሌሎችን ሳጅብ ስለቆየሁ ከኅዳር ወር ጀምሮ የሚቀርቡልኝ ጥያቄዎች በየዓመቱ ይመሳሰላሉ። እነዚያን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እዚህ አስፍሬአለሁ። የመዝሙሩን ቁልፍ፣ ማለትም መዝሙሩ የሚመሠረትበትን መነሻ ድምፅ፣ ስጠቅስ ሲ፣ ዲ፣ ኤፍ፣ ጂ እያልሁ፣ በዜማው ውስጥ ያሉትን ድምፆች ስጠቅስ ደግሞ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ቲ እያልሁ እጠራለሁ።

መዝሙር በኅብረት የሚዘመር ነው። በሁለት መሣሪያ ብቻ ሲቀርብ ባዶ አይመስልም?

አይመስልም። «ሳይለንት ናይት» በሚል ስም በዓለም ሁሉ የሚታወቀው መዝሙር ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ታኅሣሥ 24 ቀን 1818 በኦስትሪያ፣ ከሳልዝቡርግ ብዙም በማትርቀው በኦበርንዶርፍ ነበር፤ ያቀረቡትም ግጥሙን የጻፈው ካህን ዮሴፍ ሞር እና ዜማውን የደረሰው ፍራንዝ ግሩበር ሲሆኑ፣ ሁለቱ ድምፆቻቸው የታጀቡት በአንድ ጊታር ነበር። በኋላ በትልልቅ ኳየርና በኦርኬስትራ የቀረበው ዜማ ከመነሻው እንዲህ ያለ ትንሽ ነገር ነበር ማለት ነው። ባዶነት የሚሰማው የተጫዋቾቹ ቁጥር ስላነሰ አይደለም፤ ሁለቱ ተጫዋቾች ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ዓይነት ሥራ ሲሠሩ ነው።

መዝሙሩ አራት አንቀጽ አለው። ያለ ቃል አራት ጊዜ ስንደግመው ሰሚው ይሰለቻል። ምን እናድርግ?

ከሁሉም የሚበልጠው ጥያቄ ይህ ነው፤ ስለዚህ መልሱን አረዝመዋለሁ። መዝሙር ሲዘመር አንቀጹ በተለወጠ ቁጥር ቃሉም ይለወጣል። አንዱ አንቀጽ ስለ እረኞቹ፣ ሌላው ስለ መላእክቱ፣ ሌላው በግርግም ስለተኛው ሕፃን ይናገራል፤ ዜማው ያው ቢሆንም ታሪኩ ስለሚራመድ ሰሚው አብሮ ይራመዳል። ቃሉ ሲነሣ ግን የሚቀረው ያው አሥራ ሁለት ወይም አሥራ ስድስት ባር (የምት ክፍል) ብቻ ነው። ስለዚህ ቃሉ ይሠራው የነበረውን ሥራ ሁለቱ መሣሪያዎች ተከፋፍለው መሥራት አለባቸው፤ እኔ የሁለት ሰው አቀነባበር የምለውም ይህንኑ ነው።

በመጀመሪያ አንቀጾቹን ይቀንሱ፤ ሦስት አንቀጽ ይበቃል። በመጀመሪያው አንቀጽ የዜማ መሣሪያው ዜማውን ያለ ምንም ጌጥ፣ ሰው እንደሚዘምረው አድርጎ ይጫወተው፤ ፒያኖውም በየባሩ መግቢያ ላይ አንድ ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) አሳርፎ ዝም ይበል። ሰሚው መዝሙሩን የሚያውቀውና የሚቀበለው እዚህ ላይ በመሆኑ ማስጌጥ ከዚህ መጀመር የለበትም። በሁለተኛው አንቀጽ ዜማውን ፒያኖው ይውሰድ፤ የዜማ መሣሪያው ደግሞ ከዜማው በታች ሆኖ የራሱን ሁለተኛ መስመር ይያዝ። ይህን ሁለተኛ መስመር ለመጻፍ ለጀማሪዎች የማስተምረው ደንብ አንድ ነው፦ ዜማው ሲንቀሳቀስ እርስዎ ይቁሙ፤ ዜማው ቆሞ ረጅም ድምፅ ሲይዝ እርስዎ ይንቀሳቀሱ። ከዜማው በሦስተኛና በስድስተኛ ርቀት (ከዜማው ድምፅ ጀምሮ ሲቆጠር ሦስተኛው ወይም ስድስተኛው ድምፅ ላይ) የሚሄድ መስመርም ያምራል፤ ነገር ግን አንቀጹን ሙሉ እንዲያ ከተሄደ ሁለቱ መሣሪያዎች ተጣብቀው እንደ አንድ መሣሪያ ይሰማሉ፤ መለያየታቸውም ይጠፋል።

በሦስተኛው አንቀጽ ዜማው ወደ መሣሪያው ተመልሶ ፒያኖው በሙሉ ድምፁ ያጅበው። ቁልፍ ማሳደግ ከፈለጉ ቦታው ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው መሻገሪያ ላይ ነው፤ ለምሳሌ ከኤፍ ወደ ጂ ለመውጣት ሁለት ባር ወስደው በዲ ሰባት ኮርድ በኩል ቢያልፉ ጆሮ በቀላሉ ይቀበለዋል። ይህንን ግን በአንድ መዝሙር ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ አያድርጉት፤ ሁለተኛው ማሳደግ የመጀመሪያውን ደስታ ይሽረዋል።

ድፍረቱ ካለዎት ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ ነገር አለ፦ አንዱን አንቀጽ ወይም የአንቀጹን ግማሽ ፒያኖው ፈጽሞ ዝም ብሎ መሣሪያው ብቻውን ይጫወተው። በአዳራሽ ውስጥ ሰው ሁሉ ትንፋሹን የሚይዘው በዚያች ቅጽበት መሆኑን ደጋግሜ አይቻለሁ።

ለክላሪኔት ወይም ለሳክስፎን የተጻፈውን ኖታ ከፒያኖ ጋር ስንጫወት ለምን ይጋጫል?

ክላሪኔትና ትራምፔት በአብዛኛው የቢ ፍላት መሣሪያዎች ናቸው። ተጫዋቹ ሲን ሲነፋ በፒያኖው ላይ የሚገኘው ድምፅ ቢ ፍላት ነው። አልቶ ሳክስፎን ደግሞ የኢ ፍላት መሣሪያ ስለሆነ ተጫዋቹ ሲን ሲነፋ የሚሰማው ኢ ፍላት ነው። ስለዚህ ፒያኖው በኤፍ ሜጀር ከተጫወተ ክላሪኔቱ በጂ ሜጀር፣ አልቶ ሳክስፎኑ በዲ ሜጀር መጻፍ አለበት። ፒያኖው በቢ ፍላት ሜጀር ከሆነ ደግሞ ለክላሪኔቱ ሲ ሜጀር፣ ለአልቶው ጂ ሜጀር ይሆንላቸዋል፤ ለጀማሪ ነፊዎች እኔ የምመርጠውም ይህንን ነው። ፍሉት፣ ቫዮሊንና ሪከርደር ከፒያኖው ጋር በአንድ ቁልፍ ስለሚጻፉ ይህ ችግር የለባቸውም።

ቁልፍ ሲመርጡ የዜማውን ስፋትም ይዩ። «ሳይለንት ናይት» ከታችኛው ዶ ተነሥቶ ከላይኛው ዶ በላይ እስካለው ፋ ድረስ ይወጣል፤ ይህም ከአንድ ኦክታቭ በላይ ነው። በሲ ሜጀር በፍሉት ከተጫወቱት ታችኛው ዶ የመሣሪያው የመጨረሻ ታች ላይ ያርፍና ድምፁ ይደክማል፤ በጂ ሜጀር ግን ዜማው በሙሉ ፍሉቱ በሚያበራበት ቦታ ላይ ይወድቃል። «ጆይ ቱ ዘ ወርልድ» በአንጻሩ ከላይኛው ዶ ጀምሮ ስኬሉን በሙሉ ወደ ታች እየወረደ የሚጀምርና በአንድ ኦክታቭ ውስጥ የሚያልቅ ስለሆነ ለማንኛውም መሣሪያ ይመቻል።

በድሬዳዋ ሙቀት መሣሪያዎቹ ከቅኝት ይወጣሉ። መፍትሔው ምንድን ነው?

በመጀመሪያ ምክንያቱን እንረዳ። በነፋስ መሣሪያ ውስጥ ያለው አየር ሲሞቅ ድምፅ በውስጡ ይፈጥናል፤ ሙቀቱ በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ በጨመረ ቁጥር ፍጥነቱ በሰከንድ በ0.6 ሜትር ገደማ ይጨምራል፤ በዚህም የተነሣ የመሣሪያው ድምፅ ከፍ ይላል። የ10 ዲግሪ ልዩነት የአንድ ግማሽ ድምፅን ሢሶ ሊጠጋ ይችላል። የቫዮሊን ክር ግን ሲሞቅ ስለሚላላ ድምፁ ዝቅ ይላል። በሞቀ አዳራሽ ውስጥ ፍሉትና ቫዮሊን በተቃራኒ አቅጣጫ የሚሄዱት በዚህ ምክንያት ነው። ሐረር ከድሬዳዋ ከፍ ብላ የምትገኝ በመሆኗ ብዙዎች ከፍታው ራሱ ቅኝቱን የሚለውጠው ይመስላቸዋል፤ ዳሩ ግን ቅኝቱን የሚለውጠው የአየሩ ሙቀት እንጂ ከፍታው አይደለም።

አንድ የገና ምሽት በድሬዳዋ ከአንዲት ክላሪኔት ተጫዋች ጋር ስናቀርብ እርሷ መሣሪያዋን የቃኘችው በግቢው ቀዝቃዛ አየር ላይ ነበር። አዳራሹ በሰው ተሞልቶ ስለነበር ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ስንደርስ ድምፅዋ ከፒያኖው በላይ ወጥቶ ነበር፤ እኔም ምንም ልረዳት አልቻልሁም፤ ምክንያቱም ፒያኖ በጨዋታ መካከል አይቃኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምከተለው ሥርዓት ይህ ነው፦ የነፋስ ተጫዋቹ በሚጫወትበት ክፍል ውስጥ አሥር ደቂቃ ያህል ይንፋና መሣሪያውን ያሙቅ፤ ከዚያ በፒያኖው ኤ ላይ ይቃኝ፤ ከሁለተኛው መዝሙር በኋላም እንደገና ያረጋግጥ።

ፒያኖው ከ200 በላይ ክሮችን ተሸክሞ ከእንጨት በተሠራ የድምፅ ሰሌዳ ላይ የቆመ በመሆኑ በደረቁ ወራት እንጨቱ ሲኮማተር ድምፁ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ከመስኮትና ፀሐይ ከሚያርፍበት ቦታ፣ እንዲሁም ከማቀዝቀዣ ፊት ለፊት ያርቁት። የፒያኖው ኤ ከተለመደው 440 ኸርዝ በታች ወርዶ ከሆነ ቫዮሊኑ ሊከተለው ይችላል፤ ፍሉትና ክላሪኔት ግን በመገጣጠሚያቸው ትንሽ ከመሳብ ያለፈ ማድረግ አይችሉም። እንዲህ ሲያጋጥም ፒያኖውን ትቶ ኪቦርድ መጠቀም ይሻላል፤ የኪቦርዱን ቅኝት በቁጥር ዝቅና ከፍ ማድረግ ስለሚቻል የሚከተለው ኪቦርዱ ይሆናል።

በማሲንቆ ወይም በዋሽንት መጫወት ይቻላል?

ይቻላል፤ እኔም አብዝቼ አበረታታለሁ። ማሲንቆ አንድ ክር ብቻ ያለውና ክሩም በመቃኛው እንደልብ የሚስተካከል ስለሆነ ፒያኖው ወደሚፈልገው ቁልፍ ይመጣል። ዋሽንት ግን ቅኝቱ በርዝመቱና በቀዳዳዎቹ የተወሰነ ነው፤ ተጫዋቾችም በዚህ ምክንያት የተለያየ ርዝመት ያላቸውን ዋሽንቶች ይይዛሉ። ስለዚህ ከዋሽንት ጋር ሲጫወቱ ተጫዋቹ መጀመሪያ መነሻ ድምፁን ይንፋ፤ ኪቦርዱ ድምፁን በሙሉ ከፍና ዝቅ በሚያደርገው የትራንስፖዝ ቁልፉ እርሱን ይከተል። የማሲንቆ ድምፅ በመካከለኛው ቦታ ላይ የሚያርፍ ስለሆነ የፒያኖው ቀኝ እጅ ከማሲንቆው በላይ ይውጣ፤ በአንድ ቦታ ከተገናኙ ማሲንቆው ይዋጣል።

የውጭ ገና መዝሙሮችን በቅኝታችን ማለትም በትዝታ መጫወት ያምራል?

መዝሙሩ ይወስነዋል። ሜጀር ትዝታ አምስት ድምፆች ማለትም ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብቻ ስላሉት ፋና ቲ የሚጎድሉት ቅኝት ነው። «ጆይ ቱ ዘ ወርልድ» የሚጀምረው ስምንቱን ድምፆች በሙሉ በመውረድ በመሆኑ ፋና ቲ ከወጡበት የሚቀረው ሌላ ዜማ ነው፤ አያድርጉት። «ሳይለንት ናይት» ግን ሶል፣ ላ፣ ሶል፣ ሚ ብሎ ይጀምራል፤ እነዚህ ሁሉ በትዝታ ውስጥ ያሉ ድምፆች ናቸው። ስለዚህ ማሲንቆው በትዝታ ቅኝት ነፃ የሆነ መግቢያ አድርጎ፣ ቀስ በቀስ ወደነዚህ አራት ድምፆች ደርሶ፣ ከዚያ መዝሙሩ ሲጀምር ሰሚው ሽግግሩን ሳያውቀው ራሱን በመዝሙሩ ውስጥ ያገኘዋል። ፒያኖው በዚያ መግቢያ ላይ ዶና ሶልን ብቻ ይያዝ፤ ኮርዱን በሌሎች ድምፆች መሙላት ቅኝቱን ያጠፋዋል።

ፒያኖ የራሳችንን ዜማ እንዴት እንደሚሸከም መስማት ለሚፈልግ ሁሉ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን እንዲያዳምጥ እመክራለሁ። በ1916 ዓ.ም ተወልደው በ2015 ዓ.ም በኢየሩሳሌም ያረፉት እማሆይ በልጅነታቸው በስዊዘርላንድ ቫዮሊንም የተማሩ ነበሩ፤ በፒያኖ ሥራዎቻቸውም ዜማው እንደ ሰው ድምፅ ሲተነፍስ ይሰማል።

የራሳችን የገና ጨዋታም አይረሳ። አሲና በል አንዱ አውጥቶ ሌሎች የሚቀበሉት ዘፈን ስለሆነ መዋቅሩ ራሱ ለሁለት ሰው የተሠራ ይመስላል፤ መሣሪያው ያውጣ፣ ፒያኖው ይቀበል።

ኪቦርዱ ላይ ያለውን የምት ቁልፍ መጠቀም እንችላለን?

ባትጠቀሙ እመርጣለሁ፤ በተለይ በ«ሳይለንት ናይት» ላይ። ይህ መዝሙር በ6/8 የተጻፈ ነው፤ የእኛ ችክችካም በ6/8 የሚቆጠር በመሆኑ የብዙ ኪቦርድ ተጫዋቾች እጅ ሳያስቡት ወደዚያ ይሄዳል። ነገር ግን መዝሙሩ እናት ልጇን ስታስተኛ እንደምትወዘውዘው ዝግ ያለ ነው፤ ችክችካው ሲገባበት ሕፃኑ ይነቃል። ችክችካን የምትወዱ ከሆነ በአሲና በል ላይ ተጠቀሙበት፤ እዚያ በቦታው ነው።

ፒያኖው መሣሪያውን ይሸፍነዋል። ድምፁን ከመቀነስ ሌላ ምን ማድረግ ይቻላል?

ጣትን ከማለዘብ ይልቅ የኖታውን ቁጥር መቀነስ ይሠራል። ቀኝ እጅዎ ዜማውን አብሮ እየተጫወተ ከሆነ ወዲያውኑ ይተውት፤ ዜማውን የያዘ ሰው አለ። ተጫዋቹ ገና ጀማሪ ልጅ ከሆነ ብቻ፣ እንዳይጠፋበት ለመያዝ ያህል፣ አብሮ መጫወት ይፈቀዳል። የግራ እጅ ኮርድ ከፒያኖው መካከለኛ ሲ በጣም ወርዶ ጥቅጥቅ ብሎ ከተቀመጠ ድምፁ ይደፈርሳል፤ በታች በኩል አንድ ድምፅ ብቻ ወይም አምስተኛ ርቀት ይበቃል። ፔዳሉንም ኮርድ በተለወጠ ቁጥር ያንሱ። ተጫዋቹን በሚያዩበት ቦታ ይቀመጡ፤ አብሮ ለመጀመር በቃል መቁጠር አያስፈልግም፤ የነፊው ትንፋሽ ወይም የቫዮሊኑ ደጋን መነሣት ምልክቱ ነው።

የአማርኛው ግጥም ቃላት ከኖታው ይበልጣሉ። የቱን እንከተል?

ወደ አማርኛ የተመለሱ መዝሙሮች ብዙ ጊዜ ተጨማሪ ፊደላት ስለሚኖሯቸው አንዱ ረጅም ድምፅ በሁለት ወይም በሦስት አጫጭር ድምፆች ይከፈላል፤ የትንፋሽ ቦታውም ይለወጣል። ከጨዋታችሁ በኋላ ሰዎች አብረው የሚዘምሩ ከሆነ የአማርኛውን ተከተሉ፤ አለዚያ ከሕዝቡ ጋር ትጋጫላችሁ። ሰሚው የሚያዳምጥ ብቻ ከሆነ የመጀመሪያውን ዜማ ተጫወቱ። በሁለቱም መንገድ ግን የዜማ ተጫዋቹ ግጥሙን በልቡ እያለ ይንፋ፤ ዓረፍተ ነገሩ ባላለቀበት ቦታ ላይ መተንፈስ ቃል ባይኖርም ይሰማል።

በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ማቅረብ ይቻላል?

በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴውና ማኅሌቱ የቅዱስ ያሬድ ዜማ፣ ከበሮ፣ ጸናጽልና መቋሚያ ያሉት የራሱ ሥርዓት ስለሆነ ፒያኖ በዚያ ቦታ የለውም፤ ጨዋታችሁን ለቤት፣ ለትምህርት ቤት ወይም ለአዳራሽ አድርጉት። በካቶሊክና በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት የቦታውን ኃላፊ አስቀድሞ ማነጋገር ይበቃል።

ልምምድ መቼ እንጀምር?

በአገራችን ገና የሚከበረው ታኅሣሥ 29 ነው፤ ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነች ቀጥሎ ባለው ዓመት ደግሞ ታኅሣሥ 28 ይውላል። የውጭ አገር ሰዎች ባሉበት ቦታ የሚቀርብ ከሆነ የእነርሱ ገና ብዙውን ጊዜ ታኅሣሥ 16 ላይ ስለሚያርፍ ቀኑን በግልጽ ተነጋገሩ። በመካከል ታኅሣሥ 19 የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ አለ። አንዱ ተጫዋች በሐረር፣ ሌላው በድሬዳዋ ከሆነ በዚያ ሰሞን መንገዱ በምእመናን ስለሚሞላና መኪና ማግኘት ስለሚያስቸግር ዋናው ልምምድ ከታኅሣሥ 17 በፊት እንዲያልቅ አድርጉ። በሐረር ጁገል ውስጥ የምትለማመዱ ከሆነ ቤቶቹ ተጠጋግተው የተሠሩ ናቸውና ከጎረቤት ጋር ሰዓቱን መነጋገር፣ የአዛን ድምፅ ሲሰማም ማቆም ተገቢ ነው፤ እኔ በተለማመድሁባቸው ቤቶች ሁሉ ይህ እንደ ደንብ የተያዘ ነበር።

ኖታውን ከኢንተርኔት አውርደን መጠቀም ሕጋዊ ነው?

ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ግሩበር የሞተው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1863 ስለሆነ ዜማው የሁሉም ነው። ነገር ግን በሕይወት ያለ ሰው ለቫዮሊንና ለፒያኖ ያቀናበረው የዚያ ሰው ሥራ ነው፤ በአማርኛ የተተረጎመው ግጥምም የተርጓሚው ነው። ስለዚህ የተሻለው መንገድ ዜማውን ከአሮጌ መዝሙር መጽሐፍ ወስዶ አጃቢውን ራስ መጻፍ ነው። ከላይ ስለ አንቀጾቹ የጻፍሁትን የሚከተል ሰው በሁለት ምሽት ይጨርሰዋል፤ ለጓደኛው እጅና ትንፋሽም በልኩ የተሰፋ ይሆናል።

በጨዋታው መካከል መብራት ቢጠፋስ?

ኪቦርዱ ባትሪ የሚቀበል ከሆነ አስቀድማችሁ አስገቡበት፤ በባትሪ ሲሠራ የራሱ ድምፅ ማጉያ ለአዳራሹ እንደሚበቃም በልምምድ ላይ ሞክሩት። ባትሪ የማይቀበል ከሆነ የዜማ ተጫዋቹ አንድ አንቀጽ ብቻውን ለመጫወት ተዘጋጅቶ ይምጣ፤ መብራቱ ሲጠፋ ሳያቋርጥ ይቀጥል፤ ተመልሶ ሲመጣ ፒያኖው በሚቀጥለው አንቀጽ መጀመሪያ ላይ ይግባ። ኖታውንም በስልክ ላይ ብቻ አትያዙ፤ በወረቀት ታትሞ አጠገባችሁ ይቀመጥ፤ ሻማም አይለየው።